ስክሪኑም አማና ነው



የጀመዓችን የሰደቃ መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ሥራው ቀሎልናል፤ አልሐምዱሊላህ። በፓይተን የሠራነው ፕሮግራም ከኤስኪውላይት ዳታቤዙ የጠየቅነውን አውጥቶ በሠንጠረዥ ያሳየናል። ችግሩ ያልጠየቅነውንም ማሳየቱ ነው። የወሩን ወጪ ለማየት ስንከፍተው የተረጂዎቹ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ስልክ ቁጥርና የወሰዱት ብር ተደርድሮ ይመጣል። ሃንድአውት ሊወስድ ቢሮ የገባ ተማሪ ከኋላችን ቆሞ ሁሉንም ማንበብ ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ የሚልከው ትእዛዝ «ሰሌክት ስታር»፣ ማለትም «ያለውን ዓምድ ሁሉ አምጣ» የሚል ነው። ስንጽፈው አቋራጭ ሆኖልን ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተረጂው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አንቀጽ ሰደቃ የሚገባቸውን ሲጠቅስ፣ ከጥብቅነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም አድርጎ የሚያስባቸውን ድኾች ያነሳል። እንዲህ ያሉ ወንድሞችና እህቶች በግቢያችን አሉ። ስማቸው በስክሪን ላይ እንደሚታይ ቢያውቁ ዳግመኛ ወደ ቢሯችን አይመጡም።

«ሰጪዎችስ ገንዘባቸው የት እንደገባ ማወቅ የለባቸውም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለባቸው። ለዚህ ግን ስንት ሰው እንደተረዳና በድምሩ ስንት ብር እንደወጣ ማሳየት ይበቃል፤ «ካውንት» እና «ሰም» የተባሉት ትእዛዞች የተሠሩት ለዚሁ ነው። በዲፓርትመንት መከፋፈሉም ይቅር፤ ከአንድ ዲፓርትመንት የተረዳው ተማሪ አንድ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ስሙን ይናገራል።

ዓምዱን ከሠንጠረዡ ላይ መደበቅ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ከዓይን የተሰወረው ስም በፕሮግራሙ ውስጥ እንደተጫነ ስለሚቆይ፣ ሠንጠረዡ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ከመጠይቁ ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ ለየተጠቃሚው ፈቃድ የሚለይበት የራሱ መንገድ የለውም፤ ፋይሉን ያገኘ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ዝርዝሩን የያዘው ፋይል በሰደቃ ኃላፊዎቹ እጅ ብቻ ይቀመጥ፤ ለሌሎቻችን ድምሩ ይበቃናል።

ሰደቃውን በድብቅ ሰጥተን በሠንጠረዥ ካወጣነው ምኑን ደበቅነው? አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።