ሪባኑን ተዉት፣ ፍየሏን አምጡ

በየዓመቱ ኅዳር 16 ሲደርስ ደረታችን ላይ ነጭ ሪባን ይሰካል። ደባርቅም ሆነ ዳባት አዳራሹ ይሞላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል። ከመድረኩ «በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለማስቆም ምን ይደረግ? እስቲ ሕዝቡ ሐሳብ ይስጥ» ይባላል። አንዱ ተነሥቶ «ግንዛቤ ይፈጠር» ይላል፤ ይጨበጨባል። ሌላው ይነሣና «የግንዛቤ ፈጠራው ተጠናክሮ ይቀጥል» ይላል፤ አሁንም ይጨበጨባል። አሥራ ስድስቱ ቀን ታኅሣሥ 1 ላይ ያልቃል። ከዚያ ጥር ይገባል፤ ሠርግ ነው።

ይህ ጭብጨባ አንገሽግሾኛል። ሐሳብማ ሞልቶ ተርፏል። የጠፋው ሐሳቡን በጀት መዝገብ ላይ የሚያሰፍር እጅ ነው።

የሠራ ነገር ማየት የሚፈልግ እዚሁ አማራ ክልላችን ውስጥ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ይሂድ። ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች ለልጅቷ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ሁለቱ ዓመት ሲሞላ ደግሞ አንዲት ፍየል። ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልገባበት ቀበሌ ልጆች በ90 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የስንት ዓመት ዲስኩር ያልነቀነቀውን ፍየል ነቀነቀችው!

«ልጅን በፍየል መደለል ነውር ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነውሩ የቱ ጋ ነው? ለጥሎሽ ሲሆን ከብት ተቆጥሮ ሲገባ ባህል ነበር፤ ልጅቷ እንድትማር ሲሆን ነውር ሆነ? ደግሞም አባትየው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን የሚድረው አውሬ ስለሆነ አይደለም። ድሃ ነው፤ ፈሪም ነው። «አንድ ነገር ሳትሆንብኝ» ይላል። አንድ ነገር የሚለው መደፈርን ነው፣ መጠለፍን ነው። ለዚያ ሲል ከአንድ ደፋሪ ለማዳን ለአንድ ባል ይሰጣታል። ፍርሃቱን ሳታነሣለት «ያለዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው» ብትለው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፍርሃቱም ከመሬት የበቀለ አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ከተማ መግቢያ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። የገጠሩ ልጅ ስምንተኛን ሲጨርስ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ ይወጣል። ሴቶቹ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ተሸክመው፣ ሁለት ሦስት ሆነው የተከራዩዋት ክፍል ይገባሉ። አንዷን ክፍል ገብቼ አይቻታለሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ በር፤ መቀርቀሪያዋ የተጠማዘዘ ሽቦ ናት። መጸዳጃው ጓሮ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለ ተከራይ ወንድ ሁሉ ይጋራዋል። ማታ ማታ የገብስ ጆንያ እየጎተቱ በሩ ላይ አስደግፈው ይተኛሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሁሉም ያውቃላ!

ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለተማሪዎቹ ዶርም አለው፣ በር ላይ ጥበቃ አለው። ይገባቸዋል። የሃያ ዓመቱ ጎረምሳ በዘበኛ እየተጠበቀ የሚያድርበት ከተማ ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመቷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በጆንያ ገብስ ትጠበቅ ያለው ማን ነው? በድንጋይ አገር ላይ ተቀምጠን ለአርባ ልጃገረድ የሚሆን የድንጋይ ማደሪያ መሥራት እንዴት ያቅተናል? ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲሆን በአንድ ሰንበት የሚያዋጣውን እናውቀዋለን።

ደግሞ ሰዓቱ አለ። የተደፈረች ሴት ኤችአይቪ የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ ካለፈ አለፈ። እንግዲህ ከበየዳ ወይም ከጃን አሞራ ወረዳ ጫፍ በእግሯ የምትነሣን ልጅ አስቡ፤ የመጀመሪያው ቀን በለቅሶ፣ ሁለተኛው በቤተሰብ ምክክር፣ ሦስተኛው በመንገድ ያልቃል። የመጀመሪያው ኪኒን ቀበሌዋ ጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የጤና ኤክስቴንሽኗም አሰጣጡን መሠልጠን አለባት። ይህን ለማለት ዎርክሾፕ አያስፈልግም።

አሁን የሚያስቀይመውን ልናገር። ዳባት ወረዳ ጭና ላይ በ2013 ማብቂያ የትግራይ ኃይሎች በገቡ ጊዜ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 አውጥቶታል፤ ከተደፈሩት ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ነበረችበት። አገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ግፍ ነው» አለ። ግፍ ነው። ያው ድርጅት ነሐሴ 2013 ላይ በትግራይ ሴቶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች፣ የአማራ ልዩ ኃይልና ፋኖም ጭምር የፈጸሙትን ሲያወጣ ግን ስንቶቻችን ጆሯችንን ደፈንን? ከጦርነት ወጥተን ወደ ሰፈር ስንመለስማ ይብሳል። የጠላት ወታደር ሲደፍር ግፍ የነበረው፣ የጎረቤት ልጅ ሲደፍር «ጉዳይ» ይሆናል። ጉዳይ ደግሞ በሽምግልና ያልቃል።

እንዴት እንደሚያልቅ እናውቀዋለን። የልጁ አባት ሽማግሌ ይልካል፤ ደም እንዳይፋሰስ፣ ዘመድ እንዳይቃቃር እየተባለ ይመከራል። ጊደር ወይም ብር ይቆረጣል፤ ምስክሩ ይጠፋል፤ ልጅቷን ምን ትያለሽ ያላት የለም። ከባሰም ለደፈራት ትዳራለች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ጠልፎ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ከግንቦት 1997 ወዲህ ያ ቀርቷል፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10፣ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ሽማግሌዎቻችን ግን የተሻረውን ሕግ ጋቢያቸው ውስጥ ሸፍነው ይዞራሉ። ለድንበር ይሸምግሉ፣ ለደም ይሸምግሉ፤ እጃቸውን እስማለሁ። መደፈርን ተቀምጦ ዋጋ የቆረጠ ሽማግሌ ግን ከደፋሪው ጎን ፍርድ ቤት ይቁም እላለሁ።

አዲሱም ሕግ ቢሆን ጉድ አለበት፤ አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ «ከጋብቻ ውጪ» ይላል። ባል አይደፍርም ማለት ነው። የባል ዱላም እንዲሁ ነው፤ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር እያነሣ «ሴቷ ራሷ ተቀብላዋለች» የሚል ወንድ ባገኝ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» እያለ ያሳደጋት ማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

የቀሩት ካህናቱ ናቸው፤ እነሱን ፈርቼ አላልፍም። ዲያቆን ሊቀስስ ሲል ድንግል ማግባት አለበት፤ ለዚህ ተብሎ በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ የምትታጭ ልጅ በየደብሩ አለች። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ድንግል አትሆንም የሚል ቀኖና የት ተጽፎ ነው? የነፍስ አባት «ይህን ሠርግ አልባርክም» ቢል አገራችን ላይ ማን ደፍሮ ይደግሳል? ፖሊስ ያላስቆመውን እሱ በአንድ ቃል ያስቆመዋል። ስለዚህ ጥር ሳይገባ የየደብሩ አለቃ ይጠየቅ። ማስረጃም ካስፈለገ መዝገቡ ትምህርት ቤት ነው ያለው፤ በታኅሣሥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ስትል የነበረችውን፣ በየካቲት ወንበሯ ባዶ የሆነውን ልጅ ርእሰ መምህሩ በስሟ ያውቃታል። ማን እንደዳራት፣ ማን እንደባረከው ይጻፍና ለዐቃቤ ሕጉ ይሰጥ።