‹‹አስተኝተው ይንቀሉልኝ!››

አንዲት የ22 ዓመት አንባቢያችን እንዲህ ስትል ጽፋልናለች። ‹‹የመጨረሻው መንጋጋዬ፣ ዊዝደም የሚሉት፣ ተጋድሞ በቅሎ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሐኪሙ ይነቀል ካለኝ ወር አለፈኝ። እኔ ግን መርፌ ሳይ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። በማስታገሻ ኪኒን ነው የምውለው። አስተኝተው ቢነቅሉልኝስ?››

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ላብ አጥምቆኛል። ግን መጀመሪያ አማራጮቹን እወቂያቸው።

አንደኛውና የተለመደው ነቅተሽ መነቀል ነው። እንደ ሊዶኬይን ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ይሰጥሻል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርሽ ድንዝዝ ይላል። ግፊቱና ጉተታው ይሰማሻል፣ ሕመሙ ግን ሊሰማሽ አይገባም። ካመመሽ እጅሽን አንሺ፣ ይጨመርልሻል።

ሁለተኛው ከኦክስጅን ጋር በአፍንጫ የሚሳበው የሳቅ ጋዝ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 የራሱን ጥርስ ያስነቀለው ይህንኑ ስቦ ነው። ያረጋጋል፤ ሲቆም ደግሞ ቶሎ ይለቃል።

ሦስተኛው በኪኒን ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ነው፤ ለምሳሌ ሚዳዞላም። እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ የሆነውንም ላታስታውሺው ትችያለሽ። ወደ ቤት የሚወስድሽ ሰው ግን የግድ ነው። በሁለቱም የድዱ መርፌ አይቀርም፤ የሚቀለው ፍርሃቱ ነው። ሁሉም ክሊኒክ ስለሌለው ቀድመሽ ጠይቂ።

አራተኛው አንቺ የፈለግሽው ሙሉ ሰመመን ነው። ይሄ በኦፕራሲዮን ክፍል፣ በሰመመን ባለሙያ የሚሰጥ ነው። ቢያንስ 6 ሰዓት ከምግብ መጾም ይጠይቃል፤ አደጋውም ወጪውም ከሌሎቹ ይበልጣል። ለአንድ ጥርስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ከሐኪሙ ምንም አትደብቂ። እርግዝና፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ አለርጂ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ተናገሪ። ጫትና መጠጥም ቢሆን አፍረሽ አትለፊው። ድንዛዜው እስኪለቅ ትኩስ ቡና ይቅርብሽ፣ ከንፈርሽንም እንዳትነክሺ ተጠንቀቂ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ያመረቀዘ ጥርስ ማደንዘዣ በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ ቀን በገፋሽ ቁጥር የፈራሽውን ሕመም ራስሽ እየጠራሽው ነው። ፊትሽ ካበጠ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረሽ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

እግዜር ይማርሽ። ሲነቀልልሽ ጻፊልን።