ወይ መግበው፣ ወይ ልቀቀው፦ ሳጥን ውስጥ ስለሚታጎረው እባብ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በየስልካችን የሚዞረውን ዓይነት ቪዲዮ ሁላችንም እናውቀዋለን። የመስታወት ሳጥን፣ ውስጡ የተጠቀለለ እባብ፣ በጅራቷ ተንጠልጥላ የምትወርድ አይጥ ወይም በሕይወት ያለች ጫጩት፣ ከጀርባ ሳቅ። ከዚያ ላይክና ሼር። ከመካከላችንም "እኛስ ከጭላሎ ግርጌ አንድ ይዘን ብናሳድግ?" የሚሉ አልጠፉም። ስንዴና ገብስ ሲታጨድ ከነዶ ስር እባብ መውጣቱ ለአርሲ ልጅ አዲስ አይደለምና ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን አይሆንም እንላለን።

ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ የለም፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙዎቻችን የምናልፈው ግን አንድ ነጥብ አለ። ሴትየዋ የተወቀሰችው ስላላበላቻት ብቻ ሳይሆን፣ ከምድር ላይ የራሷን ምግብ እንድትፈልግ ስላልለቀቀቻትም ነው። ሚዛኑ ይኸው ነው። በአግባቡ መመገብ የማትችለውን እንስሳ የማጎር መብት የለህም።

ታዲያ አሰላ ላይ እባብን በአግባቡ መመገብ እንችላለን? እስቲ እንየው።

አንደኛ፣ እባብ ሁሉ አይጥ በል አይደለም። በአገራችን እንቁላል ብቻ የሚበላ እባብ አለ፤ አይጥ ብትጥልለት ዞር ብሎ አያያትም። በደጋው ምድር ደግሞ ቀንድ አውጣና ዛጎል የለሽ ዘመዶቹን እየለቀመ የሚኖር ትንሽ እባብ አለ። ከነዶ ስር የያዝከው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ጫጩት የምትጥልለት ከሆነ፣ እንስሳውን በረሃብ እየገደልክ ጫጩቷንም በፍርሃት እያሰቃየህ ነው።

ሁለተኛ፣ አይጥ በሉ እባብም ያገኘኸውን ሁሉ አይበላም። በውጭ አገር እባብ በሥርዓት የሚያሳድጉ ሰዎች ለምግብነት ተብላ የተረባች፣ ቀድማ የሞተችና በበረዶ የተቀመጠች አይጥ ገዝተው፣ አሙቀው ነው የሚሰጡት። ውፍረቷ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል እንዳይበልጥ ይመርጣሉ። የጎለመሰን እባብ የሚመግቡትም በየቀኑ ሳይሆን በሳምንታት ልዩነት ነው። አንተ ከየት ታመጣለህ? ከጎተራ ስር የምትይዛት አይጥ ጥገኛ ተውሳክ የተሸከመች ወይም የአይጥ መርዝ የቀመሰች ልትሆን ትችላለች። አይጧን የገደለው መርዝ የበላትን እባብም ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ብርዱ። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷን እናውቀዋለን። ሜዳ ላይ ያለ እባብ በልቶ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ ይተኛል። በቀዝቃዛ ክፍል ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት ግን የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፤ ሆዱ ውስጥ ይበላሽበታል፣ ወይም ያስመልሰዋል።

"ተፈጥሮው ነው፤ ጫካም ውስጥ በሕይወት ያለችውን ነው የሚበላው" የሚሉን አሉ። አዎ፣ ጫካ ውስጥ። እዚያ ግን አይጧ መሸሻ ጉድጓድ አላት። ሳጥኑ ውስጥ መውጫ የዘጋህባት አንተ ነህ። መውጫ ያጣች አይጥ ደግሞ ትናከሳለች። ያልራበው እባብ ጋር ተዘግታ ያደረች አይጥ እባቡን ክፉኛ ልታቆስለው፣ አልፎም ልትገድለው ትችላለች። ጠንቃቃ አርቢዎች ከሞተች አይጥ ውጪ የማይሰጡት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ክርክር "አይጥ እንድትገደል በሸሪዓ ተፈቅዷል፤ እባብም እንዲሁ" የሚል ነው። ልክ ነው፣ ሐዲሱ አለ። ነገር ግን መግደል መፈቀዱ ማሰቃየትን አይፈቅድም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በነገር ሁሉ መልካም አድራጎትን እንደደነገገ፣ በመግደልና በማረድም ጭምር እንደሆነ አስተምረዋል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወጣቶች ዶሮ አስረው ዒላማ ሲያደርጓት ባዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ የሚያደርገውን እንደረገሙ ነግረዋቸዋል። ያኔ ቀስት ነበር፣ ዛሬ ካሜራ ነው። ነፍስ ያላት ፍጥረት መጫወቻ መሆኗ ግን ያው ነው። እባብ ማሳደግ በራሱ ያለውን ብይን ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ፤ ጫጩት ለሳቅ መወርወርን በተመለከተ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

ስለ ራሳችን ነፍስም እናስብ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ እንደሚሞት ይገምታል። እፉኝትን ከሌላው ለይቶ የማያውቅ ልጅ ለቪዲዮ ብሎ እጁን ሲሰድ፣ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ ይወቅ። ሕጉም አለ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያስጠይቃል።

ገበሬ አባቶቻችን ስንዴውን ዘርተው፣ አርመው፣ አጭደው ጎተራ ሲያስገቡ፣ ከጎተራው የምትሰርቃቸው አይጥ ናት። ያቺን አይጥ ያለ ደመወዝ የሚያድን እባብ ከማሳ አንስቶ ሳጥን ውስጥ መክተት ለማን ጠቀመ? ሰው የማይደርስበት የድንጋይ ካብ ስር ያለውን እባብ ተወው። የሚበላውን መምረጥ እሱ ከአንተ በላይ ያውቃል። ቤት የገባ ከሆነ ልጆችን አርቅ፣ ልምድ ያለው ትልቅ ሰው ጥራ። ስለ እባብ ማወቅ ለምትወድ ደግሞ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለልህ፤ ሄደህ እይ፣ ጠይቅ፣ ከቻልክም ተማረው።

እንዲህ ያለው ቪዲዮ ስልክህ ላይ ሲመጣ ላይክ አታድርግ፣ አታጋራ። ተመልካች ያጣ ጭካኔ ቀራጭም ያጣል።

ወላሁ አዕለም