ከጉዳት የሚያገግም አካል በረሃብ አይቀጣም

ባለፈው ዓመት በምኖርበት ሕንጻ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ የቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚትም ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሬ ቆየሁ። ጄሶው በተፈታ ዕለት ሚዛን ላይ ብወጣ ከአደጋው በፊት 82 ኪሎ የነበርኩት ሰው 88 ኪሎ ሆኜ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ከማግስቱ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ያዝኩ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም አራት ኪሎ ቀነስኩ። ወዳጆቼ «ማሻአላህ» አሉኝ፤ እኔም በራሴ ጽናት ተደሰትኩ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግን አልተደሰተችም። ሜትር አውጥታ ሁለቱን ጭኖቼን ለካች። የተጎዳው እግሬ ጭን ከጤነኛው በሦስት ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ ነበር። «የቀነሱት ስብ ብቻ አይደለም፤ እንዲያቆምዎ የምንፈልገውን ጡንቻም ጭምር ነው» አለችኝ። ሚዛኑ ሲያሞግሰኝ እግሬ እየከሳ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን የምጽፈው ስሕተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ስለማምን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንኖር አብዛኞቻችን በጉልበታችን ሠርተን የምናድር ነን። ሰውነታችን ዋና ሀብታችን ነው፤ አገር ቤትም ወርን ጠብቆ ገንዘብ የሚጠባበቅ ቤተሰብ አለ። በዚህ የተነሳ ጉዳት ሲደርስብን ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን በተራ እንፈጽማለን። በመጀመሪያ «ዕረፍት መድኃኒት ነው» ብለን ፈጽመን እንተኛለን። ቀጥሎ የተኛንበትን ለማካካስ በረሃብና በጥድፊያ ሰውነታችንን እንቀጣለን። ሁለቱም ከፈውስ ያርቃሉ።

የመጀመሪያውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ለስፖርት ጉዳት ዕረፍትን፣ በረዶን፣ በፋሻ ማሰርንና እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን የሚመክር ቀመር አሳተሙ። ቀመሩ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይተው ግን እኚሁ ሐኪም በረዶም ሆነ ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈው የራሳቸውን ምክር አሻሻሉ። በወገብ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ይታዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ለተለመደው የወገብ ሕመም የሚመከረው አቅም በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ነው። ምክንያቱም ሥራ የፈታ ጡንቻ ሳይውል ሳያድር ይከሳል፤ ታስሮ የቆየ እግር በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ በሚለካ መጠን ጡንቻ ያጣል።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ረሃብ ነው። የተሰበረ አጥንትን ወይም የተቀደደ ጅማትን የሚጠግን ሰውነት ግንባታ ላይ እንዳለ ቤት ነው፤ ሲሚንቶው ሲቀርበት ሥራው ይቆማል። ለሚያገግም ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው የፕሮቲን መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህን ለማሟላት ውድ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ዓሣውና እርጎውም ከዚህ የራቁ አይደሉም።

ታዲያ ክብደት መቀነስ አያስፈልግም ማለት ነውን? አይደለም፤ ያስፈልጋል። የጉልበት መገጣጠሚያቸው በተሸረሸረ፣ ክብደታቸውም ከፍ ባለ አዛውንቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ኪሎ በተቀነሰ ቁጥር ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሸከመው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀላል። ጥያቄው መቀነስ አለመቀነሱ ሳይሆን ከየትና በምን ፍጥነት የሚለው ነው። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው፤ በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ አለመጨመር ራሱ ድል ነው። ቅነሳውም ከማይጠቅመን ይጀምር። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው። ከዚያ ስኳር፣ ከጥብሱ ዘይትና ከሩዙ ክምር ይቀነስ እንጂ ከምስሩና ከእንቁላሉ አይቀነስ።

እንቅስቃሴውም ቢሆን ከተጎዳው ክፍል ውጭ ያለውን ሰውነት ሁሉ ይጨምራል። እግሩ የተጎዳ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በውኃ የተሞሉ ጠርሙሶችን በእጆቹ ማንሳት ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደለት ጉልበቱን ዘርግቶ የጭኑን ጡንቻ ለአምስት ሰከንድ ማጥበቅና መልቀቅ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ መደጋገም ይችላል። መዋኛ ገንዳ ያገኘ ሰው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቢራመድ እግሩ የሚሸከመው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። በበጋው ሐሩር ደግሞ ቀዝቃዛውና ሜዳማው የገበያ ማዕከል ወለል ከጎዳናው ይሻላል።

መጠኑን የሚነግረን የማግስቱ ጠዋት ነው። በእንቅስቃሴው ጊዜ የሚሰማ ቀላል ሕመም በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ተገኝቷል፤ እብጠትና የባሰ ሕመም ይዞ ካደረ በልጧል። ባት ድንገት ካበጠና ከታመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ግድ ነው። የተሰበረን አጥንት ለወጌሻ ማሳየትም አይገባም፤ በአገራችን አጥብቆ በማሰር ብቻ የደም ዝውውር ተቋርጦ እጅና እግር የተቆረጠባቸው ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የዱባይ ፊትነስ ቻሌንጅ ለ30 ቀናት በየቀኑ 30 ደቂቃ እንድንንቀሳቀስ ይጋብዛል። ጥሪው መልካም ነው። ነገር ግን የተጎዳ ሰው የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ በአምስት ደቂቃ ቢጀምር ከማንም አላነሰም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አበው ለእንዲህ ያለው ሰው የተናገሩ ይመስለኛል።

በረመዳንም ቢሆን ጾሙን የክብደት መቀነሻ ዘዴ አናድርገው። ሕመምተኛ በሕመሙ ጊዜ አፍጥሮ ቀኑን በኋላ እንዲያካክስ ሃይማኖታችን የፈቀደለት ነው፤ መስገድ የከበደውም ተቀምጦ ይሰግዳል። የተሰጠንን ማቅለያ እንደ ድካም ቆጥረን ራሳችንን ብንጎዳ የበለጠ ታዛዦች አንሆንም።

የመጨረሻው ቃሌ ለአሠሪዎች ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በውል ዓመቱ እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ናቸው። ይሁን እንጂ የተሰበረ አጥንት ለመያያዝ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ሕጉ ዝቅተኛውን ወሰን አበጀ፤ በሕጉና በአጥንቱ መካከል ያሉትን ሳምንታት የሚሞላው የአሠሪው ርኅራኄና ማስተዋል ነው። ደረጃ የማያስወጣ፣ ከባድ ዕቃ የማያሸክም፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ለጥቂት ሳምንታት ቢሰጥ ሠራተኛዋም ትድናለች፣ ቤቱም ሠራተኛ አያጣም። ሳትድን የተመለሰች ሠራተኛ ዳግም ብትወድቅ ግን ሁለቱም ይከስራሉ።

እኔ ዛሬ 83 ኪሎ ነኝ፤ ለዚህ ስምንት ወራት ፈጅቶብኛል። የጭኖቼ ልዩነትም ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ሚዛኑ አልነበረም። ለወራት ወንበር ላይ ስሰግድ ቆይቼ አንድ ንጋት ላይ ያለ ሕመም ሱጁድ ወርጄ፣ በሁለቱም እግሮቼ እኩል ተደግፌ መነሳቴ ነበር።