የፔስሜከር ቁስል በቤት አይታከም፦ ለፉሪ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች የቀረበ ጥሪ

ፔስሜከር ልብ ከመጠን በላይ በዝግታ ሲመታ በኤሌክትሪክ ግፊት ምቱን የሚያስተካክል፣ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ሐኪሞች በላይኛው ደረት ከቆዳ ሥር ኪስ አበጅተው ያስቀምጡታል፤ ከእርሱ የሚነሡት ሽቦዎችም በደም ሥር አልፈው ልብ ድረስ ይዘልቃሉ። ይህ ሕክምና የሚሰጠው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ስለሆነ፣ በጅማ መንገድ ከፉሪና ከሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ከሱሉልታ የሚመጣ ታካሚ ቀዶ ሕክምናውን በመዲናዋ አድርጎ ቁስሉን የሚያስታምመው በቤቱ ነው። ስለዚህ ኢንፌክሽን ሲጀምር ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ እንጂ ሐኪም አይደለም።

ኢንፌክሽኑ በብዙ ጥናቶች ከ100 ታካሚዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ያህል የሚያጋጥም ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥም ሆነ ከዓመታት በኋላ ሊከሠት ይችላል። ቦታው መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መጋሉ ወይም መግል ማውጣቱ፣ ቆዳው ሳስቶ መሣሪያው ሊወጣ መቃረቡ፣ እንዲሁም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መመላለሱ ምልክቶቹ ናቸው። መንሥኤው ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብረቱና በሽቦው ላይ ባዮፊልም የሚባል አጣባቂ ሽፋን ሠርቶ ስለሚሸሸግ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያጠፋውም፤ ችላ ከተባለም ሽቦውን ተከትሎ ወደ ደምና ወደ ልብ ቫልቮች ይደርሳል።

በዚህ ምክንያት ኪሱ በኢንፌክሽን ሲያዝ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መሣሪያውንና ሽቦዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ፣ ካስፈለገም ታካሚውን በጊዜያዊ ፔስሜከር አቆይቶ፣ አዲሱን በሌላ ቦታ መትከል ነው። መሣሪያው ውድ በሆነበት፣ ብዙ ጊዜም በልገሳ በሚገኝበት አገር «ይወሰድብኛል» የሚለው ስጋት ታካሚን ቁስሉን እንዲደብቅ ቢገፋፋው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በ1958 እ.ኤ.አ. በስዊድን በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር የተተከለላቸው አርነ ላርሶን ከ20 በላይ መሣሪያዎች እየተቀያየሩላቸው እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ኖረዋል። መሣሪያ ይተካል፤ ሕይወት ግን አይተካም።

ስለዚህ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ያየ ታካሚ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ይዞ በዚያው ዕለት መሣሪያው ወደተተከለበት ሆስፒታል እንዲሄድ፣ ትኩሳት ከማንቀጥቀጥ ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣም ቤተሰቡ ሳይዘገይ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ እንዲጠራ ጥሪ ይቀርባል። ቅቤ፣ አመድም ሆነ ቅጠል በቁስሉ ላይ አይደረግ፤ ጸበል የሚጠመቁ ምእመናንም ቁስሉ እስኪድን ውኃ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ የሃይማኖት አባቶችም ይህንኑ ይምከሩ። መድኃኒት ቤቶች ለእነዚህ ታካሚዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ከመሸጥ ይቆጠቡ፤ ደም ለምርመራ ሳይወሰድ የተዋጠ ክኒን ባክቴሪያውን ለመለየት ያስቸግራልና። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም እብጠቱን በመርፌ ከመቅዳት ወይም ከመብጣት ታቅበው፣ ታካሚውን በሪፈር ወረቀት በአስቸኳይ ይላኩ፤ መርፌው ንጹሕ በነበረው ኪስ ውስጥ እንኳ ባክቴሪያ ሊያስገባ ይችላልና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ፔስሜከር ያላቸውን ሰዎች ለይተው ቁስላቸውን ይጎብኙ፤ እድሮችም ለሐዘን የሚያዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ይመድቡ።