ከአዲስ አበባ እስከ ግራና በኤሌክትሪክ መኪና፦ የባትሪው ስሌትና የመንገዱ ዝግጅት

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ዜጋ ምርጫው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሆኗል። ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች የተደረገው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የኤክሳይዝ ታክስና የሱር ታክስ ነፃነት ግዢውን አበረታቷል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የውሳኔውን መነሻ በግልጽ ያሳያል፦ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከአገር ውስጥ ይመነጫል።

በከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። በአዲስ አበባ እየኖረ ቤተሰቡ በሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላለ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ይህ መኪና ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት አድርሶ ይመልሳል ወይ? ያደርሳል። ሆኖም የጉዞው ርዝመት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን፣ ኃይል ለመሙላት በሚፈጀው ሰዓትም ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ መርሳ ያለው መንገድ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ወልድያ ደግሞ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገዢው ዘንድ አስቀድሞ መታረም ያለበት ግምት በመኪናው ወረቀት ላይ የሰፈረው ርቀት ነው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የተባለው ትንሽ መኪና፣ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚይዘው ባትሪው 405 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ተጽፎለታል። ይህ ቁጥር በቻይና የሙከራ መመዘኛ የተገኘ ሲሆን፣ መመዘኛው ለዝግታ ለሚነዳ የከተማ ጉዞ ያደላል። ሰውና ዕቃ ጭኖ አገር አቋራጭ ለሚሄድ ሰው የተጻፈውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ መቁጠር ይበጃል። ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ሲያስቀሩ፣ በእጅ የሚቀረው 215 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም መኪናውን ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያደርሰዋል።

በዚህ መስመር ከርቀቱ ይልቅ ከፍታው ይበልጥ ይወስናል። መንገዱ ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ይደርስና፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ኃይሉን በከፊል ለባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑንም ከመጋል ያድናል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል እስከ መቶ በመቶ መሙላት አይመከርም። (የኤሌክትሪክ መኪና በጣርማበር ከፍታ አንድ ብልጫ አለው። የቤንዚን ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በዚህ ምክንያት አይደክምም።)

የመልሱ ጉዞ የተለየ ነው። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ ለአግድመቱ ጉዞ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለትንሹ መኪና ይህ ከባትሪው አንድ አምስተኛ ያላነሰ ነው። በመሆኑም ሲሄድ የበቃው ባትሪ ሲመለስ እንደሚበቃ አድርጎ ማሰብ፣ ተጓዡን ከደብረ ሲና በላይ ሊያስቆመው ይችላል። ቤንዚን ያለቀበት ሰው ጀሪካን ይዞ በሌላ መኪና ሄዶ ይመለሳል። ለባትሪ እንዲህ ያለ መላ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። በተራ የግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኃይል 2 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው። በዚህ ሁኔታ የትንሹን መኪና ባትሪ ለመሙላት 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አሽከርካሪው አንድ ሌሊት ሸዋ ሮቢት፣ ሌላ ሌሊት ደሴ አድሮ መርሳ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። አውቶቡስ ማልዶ ተነሥቶ በአንድ ቀን የሚጨርሰው መንገድ ነው። 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ባትሪ ያለው ትልቅ መኪና፣ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መሙያ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ካገኘ አንድ ሌሊት ብቻ ያድራል። ባለ 60 ኪሎ ዋት ፈጣን መሙያ ቢኖር ግን የትንሹ መኪና ቆይታ ወደ ምሳ ሰዓት ዕረፍት ያጥራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ የሌሊት ጉዞን ስለገደበ፣ እነዚህ ሰዓቶች ምቾትን ብቻ ሳይሆን ደኅንነትንም የሚነኩ ናቸው። ሞልቶ ለመነሣት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጠበቀ ሰው የሚመሽበት መንገድ ላይ ነው።

በአገር አቀፍ ዕቅድ ከ2,200 የሚበልጡ የኃይል መሙያ ጣቢያዎች የታሰቡ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለአዲስ አበባ ናቸው። መኪናው የሚበዛው በዋና ከተማዋ በመሆኑ ምክንያቱ ይገባል፤ ሆኖም ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው ማታ ቤቱ ይሞላል፤ የጣቢያ ጥገኛ የሚሆነው አገር አቋራጩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን መሙያ እንዲኖር አስገድዷል። ይህ ልክ በወሎ መስመር ቢወሰድ የሚያስፈልጉት ጣቢያዎች ከዘጠኝ አይበልጡም። ከተሞቹም በቦታቸው አሉ፦ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ መርሳ፣ ወልድያ። አስቸጋሪው ቦታውን መምረጥ ሳይሆን መስመሩን ማጠናከር ነው። አንድ ባለ 60 ኪሎ ዋት መሙያ ብቻውን 17 ያህል ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደተጣደ ስለሚቆጠር፣ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

እስከዚያው ድረስ ተጓዡ ሊያድርበት ያሰበውን ሆቴል አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይኖርበታል፦ መኪና የሚሞላበት መስመር አለ ወይ? ጄኔሬተሩስ ይችላል ወይ? የመሰኪያው ዓይነትም ይጠየቅ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የተባለውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ አንዱ በሌላው አይገባም። እንጀራ በሚጋገርበት የምሽት ሰዓት የመስመሩ ኃይል ስለሚወርድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሙላት ለመኪናውም ለጎረቤትም ይሻላል። የመብራት መቋረጥ ሲያጋጥም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ማነጋገር ይቻላል።

ግራና ለደረሰ መኪና የቤተሰብ ቤት ሶኬት ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ለሚቆይ እንግዳ ዝግታው አያስቸግርም። ሆኖም የቤቱ ሽቦና ፊውዝ ሌሊቱን ሙሉ የሚስብ ጭነት መቻሉን ባለሙያ ሳያየው መሰካት ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። በመንገድ ላይ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጎማው መሬት እየነካ በገመድ አይጎተትም፤ ሞተሩ ሊጎዳ ስለሚችል በሎቤድ ተጭኖ ይወሰዳል። በመስመሩ ከተሞች ለሕዝብ የኃይል መሙያ አገልግሎት ለመስጠት የሚፈልጉ የሆቴልና የነዳጅ ማደያ ባለቤቶች ፈቃዱን የሚጠይቁት ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።