ስለ እህል ከረጢትና ስለ ጥቃቅን ቀዳዳዎች

በአሶሳና በአካባቢዋ የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው በቆሎና ማሽላ በመኸር ወራት ይረክሳሉ፤ በክረምት ደግሞ ይወደዳሉ። ባለ እህሉ ክረምትን ሳይጠብቅ እንዲሸጥ ከሚያስቸኩሉት ምክንያቶች አንዱ ነቀዝ ነው። ስለዚህም አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ «ፒክስ» የተባለው፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም ታላቅ ረዳት ሆኗል። ይህን ከረጢት የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በካሜሩን ለአደንጓሬ መጠበቂያ ጀምረውት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአየር ውስጥ 21 ከመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ከረጢቱ በተዘጋ ጊዜ ነቀዙ እየተነፈሰ ይጨርሰዋል፤ ኦክሲጅኑ ከ5 ከመቶ በታች ሲወርድም መብላቱንና መራባቱን ይተዋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው ነቀዙ በሚጨርሰውና በቀዳዳ በሚገባው አየር ሚዛን ላይ ነው።

«መርፌ የወጋው ያህል ቀዳዳ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ጉዳቱ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነው። የቀዳዳው አግድመት እጥፍ ሲሆን፣ በግፊት የሚያልፈው አየር ቢያንስ አራት እጥፍ ይሆናል። ግፊቱም የሚመጣው ከሙቀት ነው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር አየር 3 ከመቶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ቀን የጋለ ከረጢት አየሩን በቀዳዳው ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም አዲስ ኦክሲጅን ይስባል። ያው አንዱ ቀዳዳ በጥላ ካለው መጋዘን ይልቅ በጋለው መጋዘን የባሰ ጥፋት ያደርሳል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ውስጠኞቹ ፕላስቲኮች ሁለት በመሆናቸው የአንዱን ቀዳዳ ሌላው ሊጋርደው ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው እንጂ ከሱቅ ሲወጣ ጀምሮ የሚባክን አይደለም።

ስለዚህ ሻጩ እያንዳንዱን ፕላስቲክ በገዢው ፊት በአየር ሞልቶ፣ አፉን ጠምዝዞና ጨምቆ ያሳይ፤ አየር የሚያፈስሰውም ይለወጥ። ያገለገለው ከረጢት በአዲሱ ዋጋ አይሸጥ። ነጋዴውም በበኩሉ እህሉን በሚገባ አድርቆ፣ ከእሾህና ከአይጥ አርቆ በጥላ ሥር ያኑር።

ሚዛኑን የማያስመረምር ነጋዴ በገበያ እንደማይታመን ሁሉ፣ ከረጢቱን ሳይፈትሽ የሚሸጥም ሊታመን አይገባውም። ፍተሻው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቸል የተባለ እንደ ሆነ ግን የገበሬው የዓመት ድካም ዱቄት ሆኖ ይቀራል።